ቀይ አምፖሉ የሚበራው ለማን ነው?

እባብ ማሳደግ የጀመሩ ወዳጆቼ ሁሉ፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ማታ የትኛውን ላብራላት? ቀዩን አምፖል ወይስ ሰማያዊውን?» መልሴ ደስ አያሰኛቸውም። የትኛውንም አታብሩ፣ ማታ ይጨልምላት እላለሁ። «እና በብርድ ትሙት እንዴ?» የሚል ቁጣ ይከተላል።

ቁጣው ይገባኛል። መብራትና ሙቀት አንድ አምፖል ውስጥ ገብተው ስለሚሸጡልን የማይነጣጠሉ ይመስሉናል። አምፖሉ ከጠፋ ሙቀቱም ጠፋ። ሙቀቱን የፈለገ መብራቱንም ይቻለው። እኔ ግን የማታውን ጉዳይ ሁለት ቦታ ከፍዬ ነው የማየው፤ መብራቱ ለብቻ፣ ሙቀቱ ለብቻ። ስለ መብራቱ መልሴ አጭር ነው፣ «አያስፈልግም»። የሙቀቱ ግን ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

ቀን ቀን ሁለቱ አብረው ቢመጡ ጥፋት የለውም። ፀሐይም ያው አንድ ላይ ነው የምትሰጣቸው። ስትጠልቅ ግን ብርሃኑ ቶሎ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ይዘገያል። መሬቱና ድንጋዩ ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ቀስ እያሉ ይለቁታል። የኔዋ ቦል ፓይተን ናት፤ ከአፍሪካ ዘንዶዎች ሁሉ ትንሿ። ዘመዶቿ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ቀኑን አይጥ በቆፈረው ጉድጓድ ወይም ኩይሳ ውስጥ ተጠቅልለው ይውላሉ። ሲመሽ ይወጣሉ። ሲወጡ የሚያገኙት ጨለማ ነው፣ ከሥሩ ግን ገና ለብ ያለ መሬት አለ። እኔም ሳጥኗ ውስጥ ልሠራላት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ከዓይኗ ልጀምር። እባብ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው አንድ ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፤ ቆዳውን ሲቀይር ያም አብሮ ይወልቃል። የተጣለ ቆዳ ስታገኙ ጭንቅላቱ ጋ ወደ መስኮት አዙራችሁ እዩት። ሁለት ትንንሽ፣ ጎበጥ ያሉ ክቦች ታያላችሁ። ሁለቱም ካሉ እሰየው። አንዱ ከጎደለ ዓይኑ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው። እንግዲህ ይህ እንስሳ ብርሃን ሲያስቸግረው ዓይኑን ልጨፍን ቢል አይችልም። ያለው ምርጫ መደበቂያው ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ነው። ያውም ማታ፣ መውጣት በሚገባው ሰዓት።

«ቀይ ግን አይታያቸውም» ይባላል። ይህን ወሬ ሁላችንም ሰምተነዋል፣ ማሸጊያው ላይም ተጽፎ አይተነዋል። የቦል ፓይተንን ዓይን ግን ተመራማሪዎች መርምረውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። ሬቲናዋ ላይ፣ ማለትም ዓይኗ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ የሚበዙት በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ሴሎች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ለቀን ብርሃን የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሏት። አንደኛው ይበልጥ የሚነቃው 360 ናኖሜትር ላይ ነው (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፤ ቀለሙን የሚለየው ይህ ርዝመት ነው)፤ ይህ እኛ የማናየው አልትራቫዮሌት ነው። ሌላው 551 ናኖሜትር ላይ ነው። እኛ ቀይን የምናይበት ሴል ደግሞ ይበልጥ የሚነቃው 560 አካባቢ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው። እኛ አምፖሉን በዚያ ሴል ካየነው፣ እሷ በጎረቤቱ ጭራሽ አታየውም ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ቀይ መሆኑን ላትለይ ትችላለች። የሆነ ነገር እንደበራ ግን ይደርሳታል።

ሰማያዊው ባሰበት። በጨለማ የሚሠሩት ሴሎቿ ይበልጥ የሚነቁት 494 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ መገናኛ ማለት ነው። «የጨረቃ ብርሃን» እየተባለ የሚሸጠው ሰማያዊ አምፖል ብርሃኑን የሚልከው እዚያው ሰፈር ነው። ስሙ ራሱ ያስቀኛል። ሙሉ ጨረቃ መሬት ላይ የምታሳርፈው ብርሃን ከ0.3 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብዙም አያልፍም። አንድ ተራ የሳሎን መብራት ወደ መቶ ሉክስና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለን አምፖል ጨረቃ ማለት አይከብድም?

ቦል ፓይተን ደግሞ ሌላም ጉድ አላት። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ የተደረደሩትን ቀዳዳዎች ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ሙቀት የምታነብባቸው እነሱ ናቸው። ይህ እንዴት እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካዊው ተመራማሪ የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን አሳይቷል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያሉት ነርቮች ትሪፕ-ኤ-ዋን የተባለ ፕሮቲን አላቸው፤ ሙቀት ሲነካው ይከፈትና መልእክት ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሙቀትና ንክኪ እንዴት እንደሚሰሙን ባጠናው ሥራ ነው። እንግዲህ ለእሷ የጋለ ማንኛውም ነገር፣ ብርሃን ባይኖረውም፣ ከዚያ አቅጣጫ «ይሰማታል»። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ጨለማ ሰጠኋት» ስል ትንሽ እጠነቀቃለሁ። በዓይኗ ጨልሟል፤ በከንፈሯ ግን ማሞቂያው እዚያ አለ። ደግነቱ ይህ ለእሷ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፀሐይ የዋለበት ድንጋይም ማታ እንዲሁ ነው። ሌላው ብዙ ሰው ቤቱ የሚያሳድገው እባብ፣ ኮርን ስኔክ፣ ግን እነዚህ ቀዳዳዎች የሉትም።

ታዲያ ቀይ አምፖሉ ለማን ነው? ለእኛ ነው። ከሥራ ስንመለስ መሽቷል፣ እሷም ገና መንቀሳቀስ ጀምራለች። ማየት እንፈልጋለን። ይህ ነውር የለውም፤ እኔም የማሳድጋት ላያት ነው። የማይመቸኝ የኛን ፍላጎት ለእሷ የሚያስፈልግ አስመስለን ሌሊቱን ሙሉ ማብራታችን ነው። ማየት ካማረኝ የክፍሉን ጥግ መብራት፣ ደብዘዝ ያለውን፣ ለግማሽ ሰዓት አበራለሁ። ሳጥኑ ላይ አላዞረውም። መጀመሪያ አንገቷን ታወጣለች፣ ምላሷን ታርገበግባለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መላ አካሏን ትጎትታለች። አይቼ ስጠግብ አጠፋለሁ። ሌሊት ምን እንደምታደርግ ማወቅ የሚፈልግ በጨለማ የሚቀርፅ ትንሽ ካሜራ ይግጠም። ስትገዙ 940 ናኖሜትር የሚለውን ምረጡ። 850 የሚለው በጨለማ ሲያዩት ፍም የሚመስል ቀይ ነጥብ ያሳያል።

የቀኑን መብራት ታይመር ላይ አድርጉት። ለቦል ፓይተን 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ጥሩ ነው። አልትራቫዮሌት መብራት ያለው ሰውም ያንኑ ከቀኑ ጋር ያጥፋው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ዕቃ ግዙ፤ የሌሊቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚይዝ ዲጂታል ቴርሞሜትር። ውድ ዕቃ አይደለም። ሴንሰሩን ሳጥኑ ውስጥ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ፣ እባቡ በሚተኛበት ከፍታ አስቀምጡት። ማሞቂያውን ሁሉ አጥፍታችሁ እደሩ። (እባቡ ገና ካልመጣ እሰየው፤ ይህ ሥራ ባዶ ሳጥን ላይ ሲሠራ ነው የሚያምርበት።) ጠዋት ዝቅተኛውን ቁጥር አንብቡ። ብርዱ የሚበረታው ሊነጋ ሲል ነው፤ በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚለካ ሰው ስለሌለ መሣሪያው ይለካላችሁ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን፣ ቀስት ያለውን ክብ ቴርሞሜትር ግን እርሱት። የሚለካው የመስታወቱን ገጽ ነው፤ ያንንም በወጉ አይለካም።

ለቦል ፓይተን ቀን ላይ ሞቃቱ ቦታ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ማታ ሁሉም ነገር ወደ 24 ቢወርድ ምንም አትሆንም። 22 አካባቢ ስትደርስ ነው እኔ ማሰብ የምጀምረው። ኮርን ስኔክ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ሌሊቱ 20 ቢገባም ግድ የለውም። ስለዚህ ቤታችሁ ሌሊት ከ24 የማይወርድ ከሆነ ለማታ የምትገዙት ነገር የለም። ምንም! ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ያልተሟላለት ነገር ያለ ይመስለዋል። ማታ ትንሽ መቀዝቀዝ ደግሞ ችግር አይደለም፤ ዱር ያለው እባብ በየቀኑ የሚያልፍበት ነው። የምንሸሸው ብርድና እርጥበት ተጋግዘው ሲሰነብቱ ነው። ያኔ ሳንባ ይታመማል። ሲተነፍስ ድምፅ ማሰማት፣ አፍ ዳር አረፋ፣ ጭንቅላትን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መቆየት ካያችሁ የሙቀቱን ነገር እየነካካችሁ አትጠብቁ፤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ማሞቂያ ካስፈለገ መጀመሪያ ሳጥኑን እዩ። መስታወት ሙቀት ያፈስሳል። ክዳኑ ወንፊት ከሆነ ደግሞ የሞቀው አየር ሽቅብ ይሄዳል። ሦስቱን ጎን ከውጭ በወፍራም ስፖንጅ ወይም በፎም መሸፈን፣ ከወንፊቱም ገሚሱን መዝጋት፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት ዲግሪ ያተርፋል። የእንጨት ሳጥን ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይስቁብናል፤ እውነታቸውን ነው።

ከዕቃዎቹ የምወድደው ሴራሚክ ማሞቂያ ነው። እንደ አምፖል ተጠምዝዞ ይገባል፣ ብርሃን ግን የለውም። አየሩን ያሞቃል፣ ማታ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ጠባዩ ግን ከባድ ነው። ባለ 100 ዋቱ ገጹ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። መያዣው ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፤ የሸክላ መያዣ ግድ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከተገጠመ ዙሪያውን የሽቦ መከላከያ ይኑረው፣ ምክንያቱም እባብ ሞቃት ነገር ላይ መጠምጠም ይወድዳል። ደግሞ ስለማያበራ እየሠራ ይሁን አይሁን በዓይን አይታወቅም። እጃችሁን ከሥሩ ዘርግታችሁ ነው የምታውቁት፤ መንካት ግን የለም።

ዲፕ ሂት ፕሮጀክተር የሚሉት ማሞቂያም አለ። እሱም ጨለማ ነው ማለት ይቻላል። ከሴራሚኩ የሚለየው በሚያወጣው ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር) ዓይነት ነው፤ ጠለቅ ብሎ ቆዳ ውስጥ የሚገባውን በዛ አድርጎ ይሰጣል። ለቀኑ ሞቃት ቦታም ለማታውም ይሆናል። ጣራ ላይ የሚለጠፈው ጠፍጣፋ ፓነል ለትልቅ የእንጨት ሳጥን አሪፍ ነው። «የጋለ ድንጋይ» የሚባለውን፣ ውስጡ ሽቦ ያለውን፣ ማንም በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ከሳጥኑ መስታወት ሥር የሚነጠፈው የማሞቂያ ምንጣፍ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው። ምንጣፍ የሚነካውን ገጽ እንጂ አየርን አያሞቅም ማለት ይቻላል። ክፍሉ 18 ዲግሪ ሆኖ «ምንጣፍ አለኝ» ማለት ከወገብ በላይ ራቁት ሆኖ እግርን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ዋናው አደጋው ግን ሌላ ነው። ሰው ጉዝጓዙን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወፈር አድርጎ ያነጥፋል። ላዩን ሲለካ 29 ያነባል። «ያንሳል» ብሎ ይጨምራል። ጉዝጓዙ ግን እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ከሥር አፍኖ ይዟል፤ መስታወቱ ከታች 45 ደርሶ ይሆናል። እባቧ ደግሞ መቆፈር ትወዳለች። በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አድርጋ መስታወቱ ላይ ትደርሳለች፣ እዚያው ትጠቀለላለች፣ ሰዓታት ትቆያለች። የሰው ቆዳ እንኳ 44 ዲግሪ ገጽ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ቢቆይ ይቃጠላል። እባብ ደግሞ ከሆዱ ሥር ከሚያቃጥል ነገር ቶሎ ሲሸሽ አይታይም። በሆድ በኩል ቅርፊቶቹ ቀልተው ወይም ውሃ ቋጥረው የሚመጡት እባቦች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይህ ነው። ምንጣፍ ላይ የሚለካው ቦታ ጉዝጓዙን ገልጣችሁ የምታገኙት መስታወት ነው።

እንዲህ ስላችሁ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዳይሆንባችሁ። ምንጣፍ ጥሩ ዕቃ ነው። ጥፋቱ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር መሣሪያ ሳይኖር፣ ሲሰካ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ማሞቂያ ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም፤ ይህን ሳልለሳልስ ነው የምናገረው። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ማሞቂያውን አዘግዩት።

ዓይነቱም ይለያያል። ተራው፣ ሲደርስ የሚያጠፋ ሲቀንስ የሚያበራው፣ ለምንጣፍ ይበቃል። ለሴራሚክና ለፕሮጀክተሩ ኃይሉን እየቆራረጠ የሚሰጠው ፐልስ የሚባለው ይሻላል። ብርሃን ያለው አምፖል በፐልስ ከተሠራ እንደ ዲስኮ ቤት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለእሱ የሚሆነው ዲመር ያለው፣ ኃይሉን ቀስ እያለ የሚቀንስና የሚጨምር ነው። የቀንና የማታ ቁጥር ለየብቻ የሚሞላበት ካገኛችሁ፣ በቃ፣ ማታ እየተነሱ መነካካት ቀረ።

ከቴርሞስታቱ ግን ሴንሰሩ ይበልጣል። ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ እንክብል ናት፣ ማሞቂያው የሚያምነው እሷን ብቻ ነው። ለምንጣፍ ቦታዋ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል ነው። ከላይ ለሚያሞቅ ደግሞ ከማሞቂያው ሥር፣ እባቧ በምትተኛበት ከፍታ። አሁን እባቧን አስቧት። ሌሊቱን ሙሉ የሣጥኑን ጠርዝ ስትፈትሽ ነው የምታድረው። ሽቦው ከግድግዳው ትንሽ ከራቀ በዚያች ክፍተት ጭንቅላቷን ታስገባለች። ጭንቅላት ከገባ ሰውነት ይከተላል። ሽቦው ይነቀላል፣ ሴንሰሩ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ወይም ከሣጥኑ ውጭ ይወድቃል። እዚያ 22 ያነባል፤ ቴርሞስታቱም «ገና ነው» እያለ ማሞቂያውን እስኪነጋ ይለቅበታል። መሣሪያው አልተበላሸም። የተነገረውን ነው የሠራው።

ስለዚህ ሽቦውን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ በጠባብ ማያያዣ ከግድግዳው ጋር አጣብቁት። ፕላስተር ወይም ስኮች ግን ሣጥኑ ውስጥ በጭራሽ! አንድ ጥግ ከለቀቀ ቅርፊቷ ላይ ይጣበቃል፣ ስታላቅቁት ቆዳዋ አብሮ ይነሳል። በየጊዜው ደግሞ በሌላ ቴርሞሜትር አመሳክሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ መጀመሪያ የሴንሰሩን ቦታ ጠርጥሩ።

እርጥበቱን እዚህ ላይ ካላነሳሁ ጎዶሎ ይሆናል። አየር ሲሞቅ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፣ ስለዚህ ውሃ ካልተጨመረበት ይደርቃል። 20 ዲግሪ ላይ 60 በመቶ የነበረ አየር 30 ሲደርስ ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። ቦል ፓይተን ደግሞ ከ55 እስከ 70 በመቶ ትወዳለች። ሴራሚክ ገጥመው ቆዳዋ ተቆራርሶ መላጥ የጀመረባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። እኔ ጉዝጓዙን ከሥር አረጥባለሁ፣ ላዩን ደረቅ አድርጌ እተዋለሁ። የውሃ ሳህኑን ደግሞ ወደ ሞቃቱ ጎን አስጠጋለሁ። ማታ ማታ ውሃ መርጨት አልወድም፤ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ የእርጥበቱ መቶኛ ራሱ ይጨምራል።

የቀረው የኤሌክትሪክ ኃይል የተቋረጠበት ሌሊት ነው። ጤነኛ እባብ አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት አይገድለውም፤ ስለዚህ አትደንግጡ፣ ሳጥኑንም ደጋግማችሁ አትክፈቱ። በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ለአየር ትንሽ ክፍተት ተዉ። ሲሸፈን ግን ማሞቂያው መነቀሉን አረጋግጡ። ኃይሉ ሌሊት ተመልሶ ብርድ ልብሱ ሥር 200 ዲግሪ የሚግል ሴራሚክ እንዳይነሳ። ብርዱ ከበረታ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ አንድ ጎን ላይ አኑሩ፣ መሸሽ የምትችልበትን ሌላውን ጎን ባዶ ተዉላት።

የሚያሳስበኝ በዚያው ቀን የበላች እንደሆነ ነው። ሆዷ ያለውን ለመፍጨት ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ከቀዘቀዘች ልትመልሰው ትችላለች። ኃይሉ የሚቆራረጥበት ሰሞን ከሆነ ምግቡን አቆዩት፤ አዋቂ ቦል ፓይተን ሳምንት ቢዘገይባት አትጎዳም። ከመለሰችው ግን ወዲያው ሌላ አትስጡ። ሁለት ሳምንት ያህል ሆዷን አሳርፉት፣ ንጹህ ውሃ አይለያት፣ ሙቀቱም ይስተካከል። ከዚያ ከወትሮው ባነሰ ምግብ ጀምሩ።